ስም የሌለው ምስል

ጃኬቱን አስይዞኝ ነው መድረክ ላይ የወጣው። ከዚህ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን ድረ ገጽ እንሠራ ነበር። እሱ ደንበኛ ያመጣል፣ እኔ እሠራለሁ። በውላችን እኩል ሸሪኮች ነን። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "አንቺ" ነበር የሚለኝ። ደንበኛ ፊት ሲሆን ደግሞ "እናታችን" ይለኛል፤ ለሰዉ ሻይ የምታፈላላቸው ሠራተኛ እንድመስል። ያን ቀን ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ለጥሩ ድረ ገጾች ሽልማት ይሰጥ ነበር። ገጹን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ። የድርጅታችን ስም ሲጠራ ሁለታችንም ከወንበራችን ተነሣን። እሱ ጃኬቱን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ሸሚዙ ያምርብኛል ብሎ ይሆናል። ክንዴ ላይ ጣል አደረገውና "አንዴ ያዥልኝ" ብሎኝ ወጣ። ማይኩን ይዞ "ቡድኔን አመሰግናለሁ" አለ። ቡድኑ እኔ ነበርኩ። ጃኬቱን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ይኼን ሁሉ ዓመት በጃኬት ቂም ይያዛል?" የሚሉኝ አሉ። ይያዛል።

ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤት ነበርኩ፤ የጋዜጣ ገጽ አቀናብር ነበር። እዚያ አንድ ጽሑፍ ርዕስ የሚሆነው ፊደሉ ስለገዘፈ አልነበረም፤ ርዕስ ስለሆነ ነው ፊደሉ የሚገዝፈው። ይህን የሚገለብጥ አቀናባሪ አለቃችን ፊት አይቆምም ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ያው ሕግ እዚያም ጠበቀኝ። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል የሚባለው ነገር ሌላ ምስጢር የለውም። በጽሑፉ ዙሪያ ታግ የሚባሉ ምልክቶች እያስቀመጥን ለማሽኑ እንነግረዋለን፤ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው፣ ይሄ የገጹ ማውጫ ነው፣ ይሄ የሚጫኑት በተን ነው፣ ይሄ ፎቶ የእገሌ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ታግ አለው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ዲቭ የሚባል አለ፤ ምንም የማይል ባዶ ሣጥን። ሰነፍ ሠሪ ሁሉንም ነገር በዲቭ ይጨርሰዋል። ቀለም ይቀባውና በተን ያስመስለዋል፤ ፊደሉን ያገዝፍና ርዕስ ያስመስለዋል። ለሚያይ ሰው ልዩነት የለውም። ስልኩ ገጹን ጮክ ብሎ ለሚያነብለት ዓይነ ስውር ግን ያለው ታጉ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ የተሣለ በር፣ ያማረ ቢሆንም፣ በዳበሳ ለሚሄድ ሰው እጀታ የለውም።

እያንዳንዱ ፎቶ ሥር፣ በዓይን የማይታይ፣ ፎቶው የምን እንደሆነ የሚናገር አጭር ጽሑፍ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ይህን ስጽፍ ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ አለ። አጠገቡ ደንበኛ ነበር።

"አሁን ይሄን ማን ያየዋል?" አለኝ።

"ለማያይ ሰው ነው የምጽፈው።"

"ለማያይ ሰውማ ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል?" ብሎ ሳቀ። ደንበኛው ተከትሎት ሳቀ። "እናታችን የድሮ ሰው ናት" አለው፤ "የማይታይ ነገር ስትሠራ ትውላለች።"

ሁለቱንም ሳቆች አስቀመጥኳቸው። ደንበኛው እንኳ የእሱን ረስቶታል፤ እኔ ግን እስከነ ጥርሱ አስታውሰዋለሁ።

ከድርጅቱ ስለ አወጣጤ ብዙ አልናገርም። አንድ ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ በራችን ላይ ያለው ታፔላ ተቀይሯል። አዲሱ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው። ቁልፌን ከቦርሳዬ እንኳ አላወጣሁም። ደረጃውን መልሼ ወረድኩ። የሠራኋቸው ገጾች እዚያው ቀሩ፤ እየቆየም ታጎቼን እየነቀለ በዲቭ ተካቸው፤ ቀለል እንዲል ነው ብሎ። ይህን ከሰው ሰማሁ፤ ጠይቄ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቦሌ ተከራይቼ ለብቻዬ ለሰው እየሠራሁ ኖርኩ። አከራዬ ቤቱን ለልጇ ስትፈልገው ጎሮ፣ እትዬ ዘንድ ገባሁ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረች። ግላኮማ ዓይኗን ቀስ እያለ ወሰደባት። ካርታ በልቧ ይዛ የኖረች ሴት ናትና ብዙ ቤት በአንድ አጥር የታጠረበትን ግቢያችንንም እንዲሁ ይዛዋለች፤ ከቤቷ ደጃፍ እስከ ጓሮው በር ያለውን መንገድ በበትሯ ጫፍ ታውቀዋለች። በጓሮው በር ስትወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ መኪና የማይገባበት ቀጭን መንገድ ነው። ብቻዋን ትሄዳለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች። "ልሸኝሽ?" ብላት "አንቺ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከሄድሽ ጣሪያው እንዳይወርድብሽ" ትለኛለች።

ስልክም ለመደች። ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያነብ ድምፅ አለ፤ አማርኛውን ፊደል የቆጠረ ግን ሰው ሲያወራ ሰምቶ የማያውቅ ዓይነት ነው። ሁሉንም ቃል በአንድ ልክ ያነበዋል። እትዬ "ተማሪዬ" ትለዋለች። "ተማሪዬ ዛሬ ጋዜጣውን እያዘነ አነበበልኝ" ትላለች፤ እሱ ማዘንም መደሰትም ሳይችል።

አዲስ አበባ ይህን ያህል ሰፍታ፣ ወደ ለሚ ኩራ ያለው ሜዳ ሁሉ ሕንፃ ሆኖ፣ ያ የድሮ ሸሪኬ ቤት ገዝቶ የገባው ከእትዬ ቤት ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ከመኪናው ዕቃ ሲያወርድ ነው። ፀጉሩ ሸሽቷል። "እንዴ! እርስዎ እዚህ ነዎት?" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት "አንቺ" ያለኝ ሰው ጎረቤት ሲሆን "እርስዎ" አለኝ። "እዚህ ነኝ" ብዬው ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ የነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ሆነ። ሰው ይወደዋል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጨዋታ ያውቃል፤ የመንገድ መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚደውልለት ሰው አያጣም። ይህን የማልክደው እንዳልዋሽ ብዬ ነው።

በግቢያችን አንድ ነገር የሚወሰነው እጅ በማውጣት ነበር። እጅ የሚወጣው ደግሞ ጎረቤት ፊት ነው። እገሌ ለምን እጁን አላወጣም ተብሎ ሰላምታ የተቋረጠበት ቤት አለ፤ ልጆቻቸው አብረው እንዳይጫወቱ የተከለከሉም አሉ። ስለዚህ እሱ "ለሰፈሬ በነጻ እሠራለሁ" አለና የማኅበሩን ድረ ገጽ ሠራ። ከእንግዲህ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ፣ ማንም ሳያየው ይመርጣል ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ከሁሉም በላይ ደስ አላት፤ እጅ ሲወጣ የማን እጅ እንደወጣ የማታየው እሷ ብቻ ነበረች፤ የእሷን ግን ሁሉም ያየዋል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የጓሮው በር ነበር፤ ለደህንነት ሲባል ይዘጋ ወይስ አይዘጋ። እትዬ ገጹን ከፈተች። ተማሪዋ ማንበብ ጀመረ።

"ምስል" አለ። "ስም የሌለው ምስል። ስም የሌለው ምስል።"

ጣቷን ወደ ቀኝ ጠረገች። "ስም የሌለው ምስል።" መልሳ ወደ ግራ። "ምስል።"

"ምንድን ነው የሚለው ይኼ? ሰክሯል እንዴ?" አለችኝ።

አልሰከረም። ሰዉ ሁሉ ማስታወቂያ የሚሠራበት አሠራር ነው። ለቅሶም ይሁን ሠርግ ወይም የኪራይ ቤት፣ ጽሑፉን ያማረ ፊደል ይመርጡለትና ከፎቶ ጋር አንድ ላይ አቅልጠው ፖስተር ያደርጉታል፤ በቴሌግራም ይልኩታል። ለዓይን ያምራል፤ ግን ጽሑፍ መሆኑ ቀርቷል፤ ሥዕል ሆኗል። እሱም ድረ ገጹን እንዲሁ ሠራው። ርዕሱ ሥዕል፣ "ይዘጋ" የሚለው ሥዕል፣ "አይዘጋ" የሚለው ሥዕል። ከሥዕሉ ሥር ምን እንደሚል የሚናገር አንዲት ቃል የለም። የሚጫኑትም በተን ሳይሆን ዲቭ ነው።

"ነገ እኔ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ" አልኳት።

"አንቺ የምታነቢልኝ ከሆነ ምኑ ምስጢር ሆነ?" አለች። ግን እሺ አለች።

በማግስቱ ቦሌ፣ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስመለስ ሳሎን ውስጥ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ምን ሆንሽ እትዬ?"

"መረጥኩ።"

"እንዴት አድርገሽ?"

"ሊቀመንበሩ መጣ። ቤት ለቤት እየዞረ ያልመረጠ ሰው ይጠይቃል። 'አላነብልሽ አለኝ' ስለው፣ 'እማማ፣ ስልኩን ይስጡኝ፣ እኔ ልጫንልዎት' አለኝ። ከእጄ ወሰደው።"

"ምን አልሽው?"

"አይዘጋ አልኩት።"

"እሱስ?"

"'ተሳክቷል እማማ' ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።" ስልኩን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ "ስልኬ ግን ምንም አላለኝም" አለች።

በሩ ተዘጋ። እርግጥ የብዙ ሰው ምርጫ ነበር፤ የእሷ ብቻ አልነበረም። ግን ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ በዋናው በር ወጥቶ አሸዋ የጫኑ መኪኖች በሚርመሰመሱበት አስፋልት መዞር ግድ ሆነ። ለዚያ መንገድ በልቧ ካርታ የላትም። ክንዴን ይዛ መሄድ ጀመረች። ስሸኛት አትቀልድም። እኔ ስቀር እሷም ትቀራለች። የተዘጋው በር አልነበረም ያናደዳት፤ ብዙ ሰው ከፈለገው ይዘጋ ትላለች። ያናደዳት ራሷ ምን እንደመረጠች አለማወቋ ነው።

አንድ ቀን ክንዴን እንደያዘች "ኮሚቴው እንደገና ሲመረጥ" አለች፣ "እንዲህ አድርጌ አልመርጥም። ሰው በእኔ ፈንታ አይጫንልኝም። ካልሆነ ይቅርብኝ።"

ለእትዬ ብዬ ነው የተነሣሁት አልልም። ለእትዬም ነው፤ ግን የዚያን ቀን ልቤ ውስጥ የተነሣው ነገር ጃኬት ነበር።

እስኪመሽ ሳልጠብቅ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ፣ ማንም ሊያየው የሚችለውን የድረ ገጹን ኮድ ከፈትኩት። ዲቭ በዲቭ ውስጥ፣ እንደገና ዲቭ። ወደ ታች ስወርድ ግን የማውቃቸው ነገሮች መጡ። ለየክፍሉ የተሰጡት መጠሪያዎች የእኔ ነበሩ፤ ማተሚያ ቤት ከነበርኩበት ጊዜ ይዣቸው የመጣኋቸው፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይጠቀምባቸው። የዛሬ ስንት ዓመት የሠራሁትን አጥንት ወስዶ፣ ርዕሱን ነቅሎ፣ ማውጫውን ነቅሎ፣ በተኑን ነቅሎ፣ በባዶ ሣጥን ሞልቶታል። መጠሪያዎቹን መቀየር ግን ሰንፏል። ሳቅኩ። እትዬ ከውስጥ "ምን አገኘሽ?" አለችኝ። "የድሮ ሰው አገኘሁ" አልኳት።

የኮሚቴው ምርጫ ሲቃረብ መጀመሪያ ሄጄ ጠየቅኩት። እንዳይባል ነው፤ ሳትነግሪው አዋረድሽው እንዳይባል። መኪናውን ሲያጥብ በሩ ላይ አገኘሁት።

"የእህቴ ስልክ ገጹን አያነብም" አልኩት። "የዕጩዎቹን ስም በጽሑፍ አድርገው። በተኑን በተን አድርገው። ግማሽ ቀን አይፈጅብህም።"

"ውይ፣ እርስዎ ደግሞ! አሁንም ያንን ነገር አልተዉትም?" ሳቀ፤ ያንኑ ሳቅ። "በግቢያችን ስንት ዓይነ ስውር አለ? እማማ ብቻ ናቸው። እኔ ራሴ ሄጄ እጫንላቸዋለሁ።"

"አንተ ዕጩ ነህ እኮ።"

"ታዲያ አያምኑኝም?"

"አምንሃለሁ" አልኩት፤ ወደ ቤቴ ገባሁ። እምቢ እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። እሺ ቢለኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ሌላ ገጽ ሠራሁ። ጌጥ የለውም። "የኮሚቴ ምርጫ" የሚል አንድ ርዕስ፣ በርዕስ ታግ። ዕጩዎቹ በየስማቸው፣ እያንዳንዱ ስም ከመምረጫው ክብ ጋር በታግ የታሰረ። መጨረሻ ላይ አንድ በተን፣ "ምርጫዬን አስገባ" የሚል፤ እውነተኛ በተን። ከተጫኑት በኋላ ማንን እንደመረጡ መልሶ የሚነግርና "ልክ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ። ስሠራው እጄ አልከበደኝም። የእሱን ስም ስጽፍ እንኳ አስተካክዬ ነው የጻፍኩት፤ ስሙ እንዲነበብለት ፈልጌ ነበር፣ እየተነበበ እንዲሸነፍ።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእድራችን አዳራሽ ነበር። አስመራጩ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሰው ሲያቋርጣቸው የማይወዱ። "ምርጫው ዛሬ በስልካችሁ ይጀመራል" ብለው ሳይጨርሱ እጄን አወጣሁ።

"ከመጀመሩ በፊት እህቴ እንዴት እንደምትመርጥ ጉባኤው ይይልን" አልኩ።

"ጥያቄ ነው ወይስ ሐሳብ?" አሉኝ።

"የሚታይ ነገር ነው፤ ደቂቃ አይወስድም።"

እትዬን ክንዷን ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ። እሱ ከፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከዕጩዎቹ መካከል ነበር። አጠገቡ ስንደርስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርጄ ክንዱ ላይ ጣል አደረግኩት።

"አንዴ ያዝልኝ" አልኩት።

ያዘው። ምን ያድርግ፤ ሰው ፊት የአሮጊት ቦርሳ አልይዝም አይል። አስታውሶት እንደሆነ ዓይኑን አየሁት። አላስታወሰም። ለእሱ ያ ጃኬት ብቻ ነበር።

ማይኩን ወደ ስልኩ አስጠጋሁት። እትዬ የእሱን ገጽ ከፈተችና ጣቷን ጠረገች። ተማሪዋ በአዳራሹ ሙሉ ድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመረ።

"ምስል። ስም የሌለው ምስል። ስም የሌለው ምስል። ስም የሌለው ምስል።"

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ጮኸ፤

"ሊቀመንበር፣ የትኛው ነህ አንተ?"

"ሁለተኛው ነው!"

"ኧረ አይደለም፣ ሁለተኛው ቀጠን ይላል!"

ከዋናው በር አጠገብ ሱቅ ያላት ሴትዮ እሷም ዕጩ ነበረች፤ ከወንበሯ ተነሣች። "እኔንም ስም የላትም አለኝ እኮ! ጨው ሲያልቅባችሁ ስሜን እየጠራችሁ አይደለም እንዴ በሬን የምትደበድቡት?" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉት።

እሱም ሳቀ፤ ብልጥ ነው። ቦርሳውን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሣ። "ትንሽ የቴክኒክ ጉዳይ ናት፤ ለሚቀጥለው እናስተካክላታለን። ለዛሬ እማማን እኔ ልርዳቸው።" እጁን ዘረጋ። "ስልኩን ይስጡኝ እማማ፣ እኔ ልጫንልዎት።"

ይህን እንዲል እኔ አላዘጋጀሁትም። ራሱ ነው ያለው።

እትዬ ስልኩን አልሰጠችውም። ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዞረች።

"ልጄ፣ ባለፈው ስለ በሩ የጫንክልኝ የቱን ነበር?" አለችው። ማይኩ አሁንም አጠገቧ ነው፤ ሁሉም ሰማ።

"እርስዎ ያሉኝን ነዋ እማማ።"

"ምን ነበር ያልኩህ?"

ብዙ ቤት ነው የዞረው፤ ብዙ አሮጊት ነው ያየው። "ያው… ለደህንነቱ አስበው… እንዲዘጋ ነበር መሰለኝ" አለ።

"አይዘጋ ነው ያልኩህ" አለች እትዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ክፍል ውስጥ ስታስተምር እንዲህ ነበረች ይላሉ፤ የተሳሳተ ተማሪ ላይ አትጮህም፤ ትክክለኛውን ትናገርና ትጠብቃለች።

ማንም አልሳቀም። እሱ ቦርሳውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረው። የዚያን ጊዜ ፊቱን በደንብ አየሁት፤ ቀስ ብዬ፣ ማንም እንደማያጣድፈው ሰው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው፤ ለምን እቸኩላለሁ?

ሌላው ቶሎ አለቀ። ሽማግሌው ምርጫው ለሚቀጥለው እሑድ ተላልፏል አሉ። "የሚነበብ ገጽ የሚሠራ ሰው አለ?" ብለው ሲጠይቁ "ተሠርቷል" አልኩ። ለእያንዳንዱ ቤት የምስጢር ቁጥር እሳቸው እንዲያድሉ፣ ውጤቱንም እሳቸው ብቻ እንዲያዩ ተስማማን። ስንወጣ ቦርሳውን ተቀበልኩት። አመሰግናለሁ አላልኩም። እሱም ያኔ ለጃኬቱ አላለኝም።

እሑድ መጣ። እትዬ መኝታ ቤቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ርዕስ። የኮሚቴ ምርጫ" አለ ተማሪዋ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዕጩ ስም አነበበ፤ ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ። እትዬ ፈገግ አለች። ሁለተኛውን ሊያነብ ሲል አቆመችው።

"አለሽ እንዴ እዚህ?"

"አለሁ፤ ምናልባት ካልሠራ ብዬ።"

"ሠርቷል። ውጪ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ…"

"ውጪ አልኩሽ! በሩንም ዝጊው።"

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ከበሩ ጀርባ ቆሜ እንደ ልጅ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ግን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታዋለች፤ ምንም አልሰማሁም። ቆይታ በሩን ከፍታ ወጣች።

"መልሶ ነገረኝ" አለች፤ "'ልክ ነው?' ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነው አልኩት።"

"ማንን መረጥሽ?"

"ምስጢር ነው ብለሽ አይደለም እንዴ የሠራሽው?"

"ለእኔ?"

"ለአንቺም።" ወንበሯን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። "ሰውዬው ግን" አለች፣ "ድምፁ ደስ ይላል። ሲናገር ብሰማው አይሰለቸኝም።"

ውጤቱን ሽማግሌው ማታውኑ ለጠፉት። ተሸነፈ። ባለ ሱቋ ሊቀመንበር ሆነች፤ በመጀመሪያው ስብሰባዋ የጓሮው በር ቀን ቀን እንዲከፈት አስወሰነች፤ ዘበኛውም እዚያ ይቀመጥ ተባለ። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ጠዋት እሱን በመኪናው በር ላይ አገኘሁት። ሰው አልነበረም በአካባቢው።

"ደስ አለሽ?" አለኝ። ወደ "አንቺ" ተመልሷል።

"አዎ" አልኩት።

መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እትዬ አሁን ብቻዋን ትሄዳለች፤ በጓሮው በር፣ በበትሯ። የማኅበሩን ማስታወቂያ በየጠዋቱ ራሷ ታነባለች፤ የውሃ ፈረቃው መቼ እንደሆነ ለጎረቤቶቿ የምትናገረው እሷ ናት። ያንን ገጽ እኔ ነኝ የምጠብቀው፤ እያንዳንዱን ታግ አውቀዋለሁ፤ ከሽማግሌው ጋር በገባነው ስምምነት ግን ማን ማንን እንደመረጠ አላይም። እንዲያ አድርጌ የሠራሁት ራሴ ነኝ። እሱ መሸነፉን አውቃለሁ። ከጣሉት ሰዎች መካከል እህቴ ትኑር አትኑር ግን አላውቅም፤ ይህን ባወቅኩ ኖሮ ነገሩ ይሞላልኝ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ በጨዋታ አስመስዬ ጠየቅኳት። ትስቃለች።

ትናንት ክፍሏ ስገባ ተማሪዋ የሆነ ነገር እያነበበላት ነበር። እግሬን ስትሰማ ድምፁን ቀነሰችው።